ሀርጌሳ የማሽላ ማሳ በነበረች ጊዜ

የሱማሌ ምድር ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ከግመል ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ከደጋው ወርዶ በጅግጅጋ ያር ቤት የተከራየ ሀበሻም ይህንኑ እየሰማ ይኖራል። አገሩ የአርብቶ አደር ነው፣ ሀብቱ በግ፣ ፍየልና ግመል ነው፣ እህሉ ከበርበራ ወደብ ወይም ከቶጎ ውጫሌ በጭነት መኪና ይመጣል ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ራሷ እንዴት ተቆረቆረች ብሎ የጠየቀ ሰው ያልጠበቀውን መልስ ያገኛል። በ19ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ እዚህ የደረሱ መንገደኞች በመጽሐፋቸው ካሰፈሩት ነገር አንዱ በደረቅ ወንዝ ዳር የተዘረጋ የማሽላ ማሳ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ጥንታዊ እርሻ ሲገኝ ዙሪያው ይከለላል፤ አሮጌው ጎተራ ይጠገናል፤ በማሳው መካከል የእግር መንገድ ይወጣለትና የከተማ ሰው በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። የሀርጌሳ ማሳ ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆኗል። ከተማዋ በላዩ አድጋ ቤትና ሱቅ፣ ጋራዥና መስጊድ ተሠርቶበታል። ስለዚህ ዛሬ ያንን እርሻ ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ይዞ መውጣት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው እግረኛ ስንቅ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሼኽ መደርና ጀመዓቸው

ከጅግጅጋ ያር ተነሥቶ ወደ መሃል ከተማ የወረደ ሰው ማሮዲ ጄሕ ከሚባለው ወንዝ ይደርሳል። «ማሮዲ» በሱማልኛ ዝሆን ማለት ነው፤ ዛሬ ክፍለ ሀገሩም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ወንዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው ከአሸዋው ሥር ይሄዳል፤ ጥቂት የቆፈረ ያገኘዋል። የሀርጌሳ መነሻ ይህ ከአሸዋ ሥር ያለ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከበርበራ ወደብ ተነሥተው ወደ ሐረርና ወደ ኦጋዴን የሚያቀኑ የሲራራ ነጋዴዎች ሸክማቸውን አራግፈው ግመሎቻቸውን የሚያጠጡት እዚህ ነበር።

በዚህ የውሃ ዳር ቋሚ ሰፈር የመሠረቱት ሼኽ መደር ናቸው። ሼኽ መደር በ1825 ገደማ እንደተወለዱ ይነገራል። የሃይማኖት ትምህርታቸውን የቀሰሙት በሐረር ነው። ሐረር በዚያ ዘመን በራሷ አሚር የምትተዳደር፣ በጀጎል ግንብ የታጠረች፣ ከሱማሌውም ከኦሮሞውም አገር ደረሳ የሚጎርፍባት የትምህርት ከተማ ነበረች። ሼኹ የቃዲሪያን ጠሪቃ ይዘው ሲመለሱ ከተከታዮቻቸው ጋር በወንዙ ዳር ጀመዓ አቋቋሙ። ዕድሜ ጠግበው ያረፉት በ1918 ነው።

ጀመዓ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለወሎ ሰው ዳናንና ጀማ ንጉሥን ማስታወስ ይበቃዋል። ለደገኛው ክርስቲያንም ከገዳም ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው። ሰዎች የየጎሣቸውን ጠብና ቂም ከደጅ ትተው በአንድ መምህር ሥር ያድራሉ፤ ይቀራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ጉልበታቸውን አስተባብረው አርሰው ይበላሉ። የሱማሌን ኅብረተሰብ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ምሁር አይ. ኤም. ሉዊስ እንዳስረዱት፣ እንዲህ ያሉ የሃይማኖት ሰፈሮች በየቦታው ከእርሻ ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ በደቡብ በዋቢ ሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር በብዛት ሲገኙ፣ በሰሜኑ ደረቅ ምድር ግን ጥቂቶች ነበሩ። የሀርጌሳው ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው።

የማሳውን ስፋት የነገረን ስዌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነው። ይህ ሰው በሱማሌ ምድር ደጋግሞ ተጉዞ በ1895 የጉዞውን መጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ እንደመዘገበው በሀርጌሳ ሰፈር ዙሪያ የነበረው የማሽላ እርሻ ርዝመቱ ሁለት ማይል ተኩል፣ ወርዱ ሩብ ማይል ያህል ነበር፤ የሼኹ ሰዎችም ከጊዜ ወደ ጊዜ ያሰፉት ነበር። ይህ በእኛ መለኪያ 4 ኪሎ ሜትር በ400 ሜትር ይሆናል፤ በድሮው የአገራችን ልክ ብንለካው አራት ጋሻ ገደማ ነው። ለአንድ የሸዋ ባላባት አራት ጋሻ ብዙ ላይባል ይችላል። ዝናቡ በማይታመንበት፣ ጎረቤት ሁሉ ከብቱን እየነዳ በሚዞርበት አገር ግን ትልቅ ሥራ ነው።

ስዌን በዚሁ ገጽ እንደ ዘበት ያስቀመጠው ሌላ ነገር አለ። ሰፈሩ በሼኹና በደረሶቻቸው ጥላ ሥር የተጠጉ ዓይነ ስውራንና አካለ ስንኩላን የሞሉበት ነበር። ለእኔ የዚያ ማሳ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘላን ድርቅ ሲመታው ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል፤ መራመድ ያቃተው ሰው ግን ለጉዞ ሸክም ነው። ጎተራ ያለው ሰፈር ደካማውን ይዞ መቀመጥ ይችላል። ማሽላው የተዘራው ለደረሳው ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የከተማዋን ስም በተመለከተ ሁለት ትርጓሜዎች ይሰማሉ። አንደኛው የቆዳ ገበያ ከመሆኗ ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛው ደግሞ «ትንሿ ሐረር» ከሚለው የዐረብኛ አጠራር የመጣ ነው ይላል። ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው የቀረበ ይመስላል፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ደግሞ ሁለተኛው ደስ ያሰኛል። «ያር» ትንሽ ማለት ነውና፣ ሁለተኛውን ከተቀበልን በትንሿ ሐረር ውስጥ ትንሿ ጅግጅጋ ተቀምጣለች ማለት ነው።

ሜዳው ባዶ፣ ኮረብታው እህል

ሼኽ መደር በሐረር ያዩት እርሻ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የእንግሊዛዊውን የሪቻርድ በርተንን ጉዞ መመልከት ይጠቅማል። በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1854 መጨረሻ ዛሬ ጅግጅጋ ያለችበትን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ በጥር 1855 መጀመሪያ ሐረር ገባ። ያን ሜዳ ሲያቋርጥ ያስተዋለው ለም መሆኑን ብቻ አልነበረም፤ ወረራ ስለሚፈራበት ሰው የማይሰፍርበት መሆኑንም ጭምር ነው። ሜዳውን አልፎ ወደ ኮረብታዎቹ እንደወጣ ግን የሱማሌ ጎሣዎች ማሽላ ዘርተው፣ አጭደው፣ ሲወቁ አገኛቸው። በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ውስጥ አንዱ መሬት ጦም ያድራል፣ ሌላው መከር ይሰበስባል። የአፈሩ ልዩነት ይህን አያስረዳም፤ የጅግጅጋ ሜዳ ከጊዜ በኋላ የታወቀ የእህል አገር ሆኗልና።

ልዩነቱ የደኅንነት ነበር። ከብት ያለው ሰው ጠላት መጣ ሲሉት ነድቶ ያመልጣል። ማሳ ያለው ሰው ግን ስድስት ወር ሙሉ ባለበት ይታሰራል፤ አዝመራው አይነዳም፣ አይሸሽም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ እርሻ የት ነበረ ብሎ መጠየቅ ሰላም የት ነበረ ብሎ ከመጠየቅ ብዙ አይርቅም። በሐረር ዙሪያ ሰላሙን የጠበቁት ከተማዋና የአካባቢው ገራዶች ነበሩ። በማሮዲ ጄሕ ዳር ግንብም ወታደርም አልነበረም፤ ማሳውን ያስከበረው የአንድ ሼኽ በረካ ነው። የሃይማኖት ሰው ያረፈበትን ቦታ መውረር ነውር ብቻ ሳይሆን መርገም ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር።

ሞፈርና ጠመንጃ

በጥር 1887 ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ ራስ መኮንን አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ወታደር በጅግጅጋ ሠፈረ። እዚህ ላይ የእኛ የታሪክ መጻሕፍት የሚያሳጥሩትን ነገር ማሳጠር ተገቢ አይመስለኝም። ያ ጦር ስንቁን የሚያገኘው ከባላገሩ ነበር፤ በሱማሌው በኩል የተጻፉና የተነገሩ ትዝታዎች፣ ስዌንም የሰማቸው አቤቱታዎች፣ የከብት ዘረፋን አጥብቀው ያነሣሉ። በሀርጌሳ የሚኖር ሀበሻ ስለ ድሮው ዘመን ሲጫወት ጎረቤቱ ለምን ፊቱን እንደሚያጠቁር የማይገባው ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚያው አቅጣጫ ሞፈርና ቀንበርም መጥተዋል። ሉዊስ በ1961 ባሳተሙት ዋና መጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ በሰሜን ሱማሌ ምዕራባዊ ጫፍ በበሬ ማረስ የቅርብ ዘመን ነገር ሲሆን ከኢትዮጵያ በኩል የተወረሰ ነው። ገቢሌና ቶጎ ውጫሌ ያሉበት ረባዳ ምድር ቀስ በቀስ ታርሶ የአገሩ ጎተራ እስከ መባል ደረሰ። አርብቶ አደሩም መንጋውን አልተወም፤ ከቤተሰቡ ግማሹ ማሳውን ሲጠብቅ ግማሹ ከብቱን ይከተላል። ይህ ሁለት ቤት የማሳደር ብልሃት እስከ ዛሬ ያለ ነው።

በጅግጅጋ በኩል ከነበሩት ገዥዎች ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሊጠቀሱ ይገባቸዋል። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በ«ፋቡላ» ተውኔታቸውና በ1931ዱ ሕገ መንግሥት ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን የእርሻ ነገር ከልብ የሚያሳስባቸው ሰው ነበሩ፤ በሐረርጌ ሂርና የራሳቸውን እርሻ አልምተዋል። ጅግጅጋን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ ከተማዋ በቀጥታ ጎዳናዎች እንድትቀየስ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። በርተን ባዶ ሆኖ ባገኘው ሜዳ ላይ ከ60 ዓመት በኋላ ጎዳና መቀየሱ የዘመኑን ለውጥ ያሳያል።

በሰኔ 1897 ራስ መኮንንና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ በሐረር የተለዋወጡት ደብዳቤ ድንበሩን ሲያሰምር፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ወደ ግጦሽና ውሃ የመሻገር መብታቸው እንዲጠበቅ ተስማምቷል። መንጋ ድንበር ይሻገራል፤ ማሳ አይሻገርም። ውሉ የተጻፈው ለእረኛ ነበርና፣ አራሹ ሲበዛ ነገሩ እየተወሳሰበ ሄደ። የሐውድ ጉዳይ እስከ 1954ቱ ስምምነትና ከዚያም ወዲያ ያስከተለው ውዝግብ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚሻ እዚህ አልገባበትም።

ጉድጓድ፣ ግሪሳና አገዳ

የአገሩን ገበሬ አኗኗር ለማየት የሚሄድ ሰው ከደጋው እርሻ ጋር የሚያመሳስለውን ብዙ ነገር ያገኛል። «ጉ» የሚሉት ከሚያዝያ አካባቢ የሚጀምረው ዝናብ የእኛን በልግ ይመስላል፤ «ከረን» ደግሞ በክረምታችን ወራት ይጥላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ደረቅና ነፋሻ ጊዜ «ሐጋ» ይሉታል፤ ከግዕዙ «ሐጋይ» ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል። ማሽላው በጉ ተዘርቶ፣ ሐጋን እንደ ምንም ችሎ፣ በከረን ያፈራል። በሁለቱ ዝናብ መካከል ያለው ክፍተት ከረዘመ የዓመቱ ልፋት ከንቱ ነው።

እህሉ የሚቀመጠው በምድር ውስጥ ነው። ከሐረርና ከጅግጅጋ ገበሬ ጋር የሚጋሩት ጥንታዊ ዘዴ ነው። ጉድጓዱ በደረቅ አፈር ላይ ይቆፈራል፤ ግድግዳው በአገዳና በገለባ ይለበጣል፤ ማሽላው ከተሞላ በኋላ አፉ በገለባ ተሸፍኖ በአፈር ይደፈናል። አየር ስለማይገባው ነቀዝ አይራባበትም፤ እህሉም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሌላም ጥቅም ነበረው። ከላይ አፈር የለበሰ ጎተራን ወራሪ በቀላሉ አያገኘውም። ጠላት ከብቱን ቢነዳ እንኳ የተረፈው ቤተሰብ ከእግሩ ሥር የሚበላው ነበረው። ጉዳቱ ጎርፍ ወይም ርጥበት ከገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሻገቱ ነው።

ማሽላ ማፍራት ሲጀምር ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። የደጋው ሰው ማማና ወንጭፍ ሲል የሚያስታውሰውን የልጅነት ሥራ የገቢሌ ልጅም ያውቀዋል። ከአጨዳ በኋላ አገዳው አይጣልም፤ በደረቁ ወራት ለከብት ይሰጣል፣ ይሸጣልም። በድርቅ ዓመት ፍሬ ያላፈራ ማሳ እንኳ አገዳው ስለሚያወጣ፣ ገበሬው አዝመራው ጠፋ ሲባል ጨርሶ ባዶ እጁን አይቀርም። ፍሬው ደግሞ ላሆህ ሆኖ ይጋገራል። ላሆህን በልቶ የእንጀራ ዘመድ መሆኑን የሚጠራጠር ሀበሻ ያለ አይመስለኝም፤ የቱ ታላቅ የቱ ታናሽ ነው የሚለውን ክርክር ለምግብ ቤቶቻችን እተወዋለሁ።

የዚህ አካባቢ ትልቁ ችግር አፈሩ በጎርፍ መጠረጉ ነው። ለዚህም በተዳፋቱ ላይ አግድም የአፈር እርከን እየሠሩ የዝናቡን ውሃ ማሳው ላይ ማቆየት ተለመደ። በ1970ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሰሜን ምዕራብ ክልል የግብርና ልማት ፕሮጀክት ይህን ሥራ በማሽን አስፋፍቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። በግንቦት 1988 መጨረሻ የሱማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሀርጌሳ ሲገቡ፣ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የሐርትሼህ ሰፈር በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ስደተኛ አስጠልሎ በዓለም ትልቁ ተብሎ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። በርተን ሰው የማይሰፍርበት ብሎ ከጻፈለት ሜዳ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ የሼኽ መደር ከተማ ልጆች በድንኳን ከ10 ዓመት በላይ ኖሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማሳዎቹና መንገዶቹ ፈንጂ ተቀብሮባቸው ጠበቋቸው። ሃሎ ትረስት የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ ፈንጂ ሲያመክን ቆይቷል። ጦም ያደረ መሬት ሁሉ ዝናብ ያጣ መሬት አይደለም።

መንገዱ

እንግዲህ ለመጎብኘት የሚፈልግ ሰው ሁለት አቅጣጫ አለው። አንደኛው በምሥራቅ በኩል በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ላስ ጌል ነው። በ2002 የፈረንሳይ አርኪኦሎጂስቶች ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ የዋሻ ሥዕል 5,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ይገመታል። ስሙ የግመል ውሃ ጉድጓድ ማለት ሲሆን በዓለቱ ላይ የነገሠችው ግን ላም ናት። አንገቷ በቀይና በነጭ መስመር ያጌጠ፣ ሻኛ የሌላት፣ ከሥሯ ሰው እጁን አንሥቶ የቆመላት ላም። በድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ የሚገኙት የዋሻ ሥዕሎችም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። በዚያ ዘመን አገሩ ምን ያህል ሣርና ውሃ እንደነበረው ለመገመት ያንን ጥቂት የድንጋይ አቀበት መውጣት ይበቃል። ፈቃዱን ከሀርጌሳ አስቀድሞ መያዝ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው የምዕራቡ መንገድ ነው። ይህን ብዙዎቻችን ለበዓል ወደ አገር ስንገባ በሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፋን የምናልፈው ነው፤ አራብሲዮ፣ ገቢሌ፣ ከለባይድ፣ ቶጎ ውጫሌ። አንድ ጊዜ በከረን ወራት፣ ጓዝ ሳይዙ፣ ቢቻል ከአገሩ ተወላጅ ጋር፣ በጠዋት መውጣት ይሻላል። አራብሲዮ ላይ በወንዝ ዳር በጉድጓድ ውሃ የሚለሙ የአትክልትና የፍራፍሬ ቦታዎች ይገኛሉ፤ ስዌን ያየው የሀርጌሳ ወንዝ ዳር ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ገቢሌን ሲያልፉ ደግሞ ሜዳው ይከፈትና ማሽላው እስከ ድንበር ይታያል። ማሳው የሰው ነውና ሰላምታ ሰጥቶ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከተረገጠ መንገድም አለመውጣት። ከደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና ማቆም አይገባም፤ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ከላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚሄዱት በእርከኑ ጀርባ ላይ ነው፤ አዝመራውን ሳይረግጡ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ እርሱ ነው።